በፖወር አውቶሜት እሴቶችን ማስላትና በተለዋዋጭ መያዝ፦ በወርኃዊ የደመወዝ ስሌት የተደገፈ ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ኮድ ሳይጽፉ ሥራን በራሱ እንዲሄድ ከሚያደርጉ መሣሪያዎች መካከል የማይክሮሶፍት ፖወር አውቶሜት በርካታ መሥሪያ ቤቶች ከኤክሴልና ከአውትሉክ ጋር አብረው የሚያገኙት በመሆኑ ለጀማሪ ቅርብ ነው። ኢሜይል ሲደርስ አባሪውን ማስቀመጥ፣ ቅጽ ሲሞላ ለኃላፊው ማሳወቅ የመሳሰሉትን ፍሎዎች (በተከታታይ የሚፈጸሙ እርምጃዎች ያሏቸውን የሥራ ሂደቶች) ማንም ሰው በጥቂት ሰዓት ይለምዳቸዋል። ፍሎው ማስላት ሲጀምር ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ቁጥሩ ከየት መጣ፣ የት ተቀመጠ፣ ማን ለወጠው የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ካላገኙ ፍሎው ስህተት ሳያሳይ እስከ መጨረሻው ይሄድና የተሳሳተ ቁጥር ያስረክባል። ይህ መመሪያ የሚያሳየው እሴትን እንዴት ማስላት፣ የት ማስቀመጥና መቼ መለወጥ እንደሚገባ ነው።

ለምሳሌነት የተመረጠው የወር ደመወዝ ስሌት ነው፤ ቁጥሩ የታወቀ ስለሆነ ስህተቱም ወዲያው ይታያል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በጸደቀው የፌዴራል ገቢ ግብር ማሻሻያ መሠረት እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የወር ደመወዝ ከግብር ነጻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ብር 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ብር 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ብር 30 በመቶ፣ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ይከፈልበታል። ሠራተኛው ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ያዋጣሉ። ስሌቱ እንዳይወሳሰብ ሠራተኛው ግብር የሚከፈልበት ሌላ አበል የለውም ብለን እንነሳ።

ተለዋዋጭ ወይስ ኮምፖዝ?

በፖወር አውቶሜት እሴት የሚያዝባቸው ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ ተለዋዋጭ ነው፤ ባለሙያዎች ቫሪያብል የሚሉት። ተለዋዋጭ በኢኒሺያላይዝ ቫሪያብል አክሽን (አክሽን የፍሎው አንድ እርምጃ ነው) ስምና ዓይነት ተሰጥቶት ይከፈታል፣ ከዚያም በሴት ቫሪያብል (እሴቱን በሚተካ)፣ በኢንክሪመንት (በሚደምር) ወይም በአፔንድ (በሚያክል) አክሽኖች እሴቱ ይለወጣል። ሌላው ኮምፖዝ ነው፤ አንድ ስሌት ይቀበላል፣ ውጤቱን ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ አይነካም።

ጀማሪዎች ሁሉንም ነገር በተለዋዋጭ መያዝ ይወዳሉ። ግብሩ ተለዋዋጭ፣ ጡረታው ተለዋዋጭ፣ የተጣራው ክፍያ ተለዋዋጭ ይሆንና ፍሎው ገና ሥራ ሳይጀምር ከላይ በረዥም የመክፈቻ ሰልፍ ይሞላል። በእኔ አስተያየት ይህ ልማድ መተው አለበት። ተለዋዋጭ መሆን የሚገባው ፍሎው በሚሄድበት ጊዜ ውስጥ በእርግጥ የሚለወጥ እሴት ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ ተሰልቶ የሚያበቃው ሁሉ በኮምፖዝ ይያዝ። ልዩነቱ የውበት ጉዳይ አይደለም። ተለዋዋጭ ለፍሎው በሙሉ አንድ ነው፤ በዑደት (ለእያንዳንዱ ረድፍ በሚደጋገም ሥራ) ውስጥ የሚሠራ ኮምፖዝ ግን ለእያንዳንዱ ዙር የራሱን ውጤት ይይዛል። የአንዱ ሠራተኛ ግብር በሌላው ፔይስሊፕ (ለሠራተኛው በኢሜይል በሚላከው የክፍያ ዝርዝር) ላይ እንዳይገኝ የሚያደርገው ይህ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ወደ ታች እንመለስበታለን።

1. የኤክሴሉ ሠንጠረዥ

የሠራተኞቹ ዝርዝር በዋንድራይቭ ወይም በሼርፖይንት በተቀመጠ የኤክሴል ፋይል ውስጥ ይሁን፤ ዳታው ደግሞ በኤክሴል ቴብልነት የተበጀ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ፖወር አውቶሜት አያገኘውም። ዓምዶቹ የሠራተኛ መለያ ቁጥር፣ ስም፣ ኢሜይልና መሠረታዊ ደመወዝ ይሁኑ። በደመወዙ ዓምድ ቁጥር ብቻ ይግባ፤ ከቁጥሩ አጠገብ «ብር» ብሎ የጻፈ ሰው ካለ ስሌቱ በዚያ ረድፍ ላይ ይቆማል።

2. ፍሎውን መክፈት

ፍሎው በየወሩ በራሱ እንዲነሳ ማድረግ ቢቻልም ለደመወዝ በእጅ የሚነሳ ፍሎው ይሻላል፤ ክፍያ ሳይታይ መውጣት የለበትም። በእጅ የሚነሳው ትሪገር (ፍሎውን የሚያስጀምረው እርምጃ) ተጠቃሚው ጽሑፍ እንዲያስገባ ስለሚፈቅድ የወሩን ስም ከመስከረም እስከ ነሐሴ ከተዘረዘሩ አማራጮች እንዲመርጥ ያድርጉ። የወሩን ስም ፍሎው ራሱ ከቀኑ ያውጣው የሚል ሐሳብ ሊመጣ ይችላል፤ ሆኖም የፖወር አውቶሜት የቀን ፈንክሽኖች (ዝግጁ የስሌት ትእዛዞች) የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አያውቁም። በዚያ ላይ ዩቲሲ ናው የሚባለው ፈንክሽን የሚሰጠው ሰዓት ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተነሳ ፍሎው የትናንቱን ቀን ይጽፋል። የተላከበትን ቀን በፔይስሊፑ ላይ ማስፈር ካስፈለገ በኮንቨርት ታይም ዞን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ይለውጡት፤ ከሰዓት ክልሎች ዝርዝር ውስጥ ናይሮቢ የሚለው ለእኛም ይሆናል።

ቀጥሎ የሠንጠረዡን ረድፎች የሚያመጣውን ሊስት ሮውስ የተባለ የኤክሴል አክሽን ይጨምሩ። ይህ አክሽን በነባሪ ቅንብሩ የሚያመጣው 256 ረድፍ ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት በአክሽኑ ቅንብር ውስጥ ፔጂኔሽንን (ረድፎችን ገጽ በገጽ የሚያመጣውን ቅንብር) ማብራት አለበት። ካልበራ ከ257ኛው ጀምሮ ያሉት ሠራተኞች ከስሌቱ ይቀራሉ፤ ፍሎውም በአረንጓዴ ምልክት «ተሳክቷል» ብሎ ያበቃል። ወዲያውኑ ፊልተር አሬይ የሚባለውን አክሽን አስከትለው ደመወዛቸው ባዶ የሆኑትን ረድፎች ያስወጡ፤ ባዶ ጽሑፍ ወደ ቁጥር አይለወጥም።

3. የግብር እርከኖቹን በአንድ ቦታ ማስቀመጥ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስድስት እርከኖችን በስድስት ኮንዲሽን (የ«ከሆነ» ቅድመ ሁኔታ)፣ አንዱን በሌላው ሆድ ውስጥ እያስገባ ይገነባል። ይሠራል፤ ግን ሕጉ በተለወጠ ቀን ከየቅርንጫፉ ቁጥር መልቀም ይጠይቃል። ከማሻሻያው በፊት ነጻው ገቢ 600 ብር ነበር፤ እርከኖቹም ከጥግ እስከ ጥግ ተለውጠዋል፤ ስለዚህ ለውጥ አይመጣም ብሎ መገመት አያዋጣም። የተሻለው መንገድ እርከኖቹን በአንድ ኮምፖዝ ውስጥ በዝርዝር፣ ማለትም በአሬይ ማስቀመጥ ነው። እያንዳንዱ የዝርዝሩ አባል ሦስት ነገር ይያዝ፦ እርከኑ የሚነሳበት ደመወዝ፣ የግብሩ መጣኔና ተቀናሹ።

መነሻ 0፣ መጣኔ 0፣ ተቀናሽ 0
መነሻ 2000፣ መጣኔ 0.15፣ ተቀናሽ 300
መነሻ 4000፣ መጣኔ 0.20፣ ተቀናሽ 500
መነሻ 7000፣ መጣኔ 0.25፣ ተቀናሽ 850
መነሻ 10000፣ መጣኔ 0.30፣ ተቀናሽ 1350
መነሻ 14000፣ መጣኔ 0.35፣ ተቀናሽ 2050

ተቀናሹ ደመወዙን በእርከን ከፋፍሎ ከማስላት የሚገላግል፣ የሒሳብ ሠራተኞች ሁሉ የሚያውቁት አቋራጭ ነው፤ ደመወዙ በሙሉ በከፍተኛው እርከን መጣኔ ይባዛና ተቀናሹ ይነሳለታል። በጄሰን አጻጻፍ (መረጃ በስምና በእሴት በሚጻፍበት ቅርጽ) ሲያስገቡ ቁጥሮቹን በጥቅስ ምልክት ውስጥ አያድርጓቸው፤ በጥቅስ ውስጥ የገባ ቁጥር ጽሑፍ ነው፣ ጽሑፍና ቁጥር ደግሞ አይወዳደሩም።

መጣኔው 0.15 ተብሎ መጻፉ ልብ ይባል። አንዳንዱ ሰው «15 ሲካፈል ለ100» የሚለውን በፈንክሽን ለማስላት ይሞክራል፤ ነገር ግን ዲቭ የሚባለው የማካፈያ ፈንክሽን ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ሲሰጡት መልሱንም ሙሉ ቁጥር ያደርገዋል። 15ን ለ100 ሲያካፍል ውጤቱ 0 ነው፤ ደመወዙ በ0 ይባዛና ተቀናሹ ሲነሳለት ግብሩ ከዜሮ በታች ይወርዳል ማለት ነው። ለጥንቃቄ ከሁለቱ አንዱ፣ ለምሳሌ 100.0 ተብሎ፣ ባለነጥብ ቁጥር መሆን አለበት።

4. ተለዋዋጮቹን መክፈት

አሁን ስንት ተለዋዋጭ ያስፈልገናል? አራት ይበቃሉ፦ የግብር ድምር፣ የጡረታ ድምር፣ የተጣራ ክፍያ ድምርና የማጠቃለያ ዝርዝር። አራቱም በእያንዳንዱ ሠራተኛ ላይ ይለወጣሉ፤ ለዚህ ነው ተለዋዋጭ የሆኑት።

ፖወር አውቶሜት ስድስት የተለዋዋጭ ዓይነቶችን ያውቃል፦ ቡሊያን ለእውነትና ሐሰት፣ ኢንቲጀር ለሙሉ ቁጥር፣ ፍሎት ለባለነጥብ ቁጥር፣ ስትሪንግ ለጽሑፍ፣ ኦብጀክት ለተሰናሰሉ መረጃዎች፣ አሬይ ለዝርዝር። ሦስቱን ድምሮች በፍሎት፣ ማጠቃለያውን በአሬይ ይክፈቱ። የብር ድምር ኢንቲጀር አይሆንም፤ ሳንቲም አለውና። ዓይነቱ ከተመረጠ በኋላ ሴት ቫሪያብል ሊለውጠው አይችልም፤ በኢንቲጀር በተከፈተ ተለዋዋጭ ላይ ባለነጥብ ቁጥር ለማስቀመጥ የሞከረ ፍሎው እዚያው ይወድቃል። ለድምሮቹ የመነሻ እሴት 0 ይስጧቸው።

የኢኒሺያላይዝ አክሽኖች በፍሎው የላይኛው ደረጃ ላይ ብቻ መቀመጥ ይችላሉ፤ በዑደት፣ በኮንዲሽን ወይም በስኮፕ (አክሽኖችን በአንድ በሚያሰባስብ ክፍል) ውስጥ ማስገባት አይፈቀድም። ከትሪገሩ ቀጥሎ ቢደረደሩ ለአንባቢም ይመቻል። አክሽኖቹን ደግሞ በሌላ ቦታ ከመጥቀስዎ በፊት ስማቸውን ይለውጡ፤ «ኮምፖዝ 7» የሚል ስም ከሦስት ወር በኋላ ምን እንደነበረ የሚያስታውስ የለም፣ ስሙን ዘግይቶ መለወጥም በእጅ የተጻፉ ኤክስፕሬሽኖችን (ቀመሮችን) ሊሰብር ይችላል።

5. በዑደቱ ውስጥ ማስላት

አፕላይ ቱ ኢች የሚባለውን የዑደት አክሽን ጨምረው የተጣሩትን ረድፎች ይስጡት። የሚከተሉት ስሌቶች በዑደቱ ውስጥ በኮምፖዝ ይሠራሉ። የፈንክሽኖቹ ስም እዚህ በድምፁ የተጻፈ ሲሆን በኤክስፕሬሽን ሳጥኑ ውስጥ ግን በላቲን ፊደል ይገባል።

መጀመሪያ ደመወዙን ወደ ቁጥር እንለውጣለን። የኤክሴሉ አክሽን ቁጥሮችን በጽሑፍነት ስለሚያመጣቸው «12500» ለዓይን ቁጥር ይመስላል እንጂ ለፍሎው አምስት ሆሄያት ነው። ፍሎት የተባለውን ፈንክሽን በደመወዝ ዓምዱ ላይ አድርገው ውጤቱን «ደመወዝ» በተባለ ኮምፖዝ ይያዙ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ ይህንን ኮምፖዝ ይጥራ እንጂ ወደ ኤክሴሉ ዓምድ አይመለስ።

ቀጥሎ የሠራተኛውን እርከን መፈለግ ነው። ሁለተኛ ፊልተር አሬይ ጨምረው የእርከኖቹን ዝርዝር ይስጡትና መነሻቸው ከደመወዙ ያነሰ ወይም እኩል የሆኑትን ብቻ እንዲያስቀር ያድርጉ። ደመወዙ 12,500 ብር ከሆነ የ0፣ የ2000፣ የ4000፣ የ7000 እና የ10000 እርከኖች ይቀራሉ፤ ላስት የሚባለው ፈንክሽን ከእነዚህ የመጨረሻውን ያነሳል። ሕጉ 10,000 ብር ድረስ 25 በመቶ እያለ እኛ «እኩል» የሚለውን ማስገባታችን ስህተት አይደለምን? አይደለም፤ በወሰኑ ላይ ሁለቱም እርከኖች አንድ ውጤት ይሰጣሉና። 10,000 በ25 በመቶ 2,500 ሲቀነስ 850፣ በ30 በመቶ ደግሞ 3,000 ሲቀነስ 1,350፤ ሁለቱም 1,650 ብር ነው። ዝርዝሩ ከትንሹ ወደ ትልቁ የተደረደረ መሆን እንዳለበት ግን አይዘንጋ፤ ላስት የሚያነሳው በተራ የመጨረሻውን እንጂ በመጠን ትልቁን አይደለም።

ግብሩ እንግዲህ ደመወዙ በሙል ፈንክሽን በመጣኔው ተባዝቶ በሰብ ፈንክሽን ተቀናሹ የሚነሳለት ነው። ለ12,500 ብር 3,750 ሲቀነስ 1,350፣ ማለትም 2,400 ብር ይወጣል። ጡረታው ደመወዙ በ0.07 ተባዝቶ 875 ብር፣ የተጣራው ክፍያ ደግሞ 9,225 ብር ነው። የአሠሪው 11 በመቶ፣ ማለትም 1,375 ብር፣ ከሠራተኛው ደመወዝ ስለማይቀነስ ከተጣራው ክፍያ ስሌት ውስጥ አይገባም።

ማጠጋጋትን በተመለከተ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፦ በፖወር አውቶሜት የኤክስፕሬሽን ቋንቋ ውስጥ የማጠጋጊያ ፈንክሽን የለም። የተለመደው ዘዴ ፎርማት ነምበር በሚባለው ፈንክሽን ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ብቻ እንዲቀር ማድረግ ነው። ይህ ፈንክሽን የሚመልሰው ጽሑፍ ስለሆነ ለስሌት ከተፈለገ እንደገና በፍሎት ወደ ቁጥር መመለስ ይኖርበታል። ማጠጋጋቱ የሚደረገው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ፣ ከድምሩ በፊት ነው። ድምሩ ላይ ብቻ ካጠጋጉ የፔይስሊፖቹ ድምርና ለባንክ የሚላከው ድምር በሳንቲም ይለያያሉ፤ ያቺን ሳንቲም የሚያሳድድ ኦዲተር ደግሞ አይጠፋም።

ወሩን ሙሉ ያልሠራ ሠራተኛ ሲኖርና ድርጅቱ ወርን በ30 ቀን የሚያካፍል ከሆነ የዲቭ ወጥመድ እንደገና ይመጣል። 12,500ን በኢንቲጀር ለ30 ያካፈለ ፍሎው 416 ብር ይሰጣል፤ ለ20 ቀን 8,320 ብር መሆኑ ነው፤ ትክክለኛው ግን 8,333.33 ነው። ደመወዙን ከመጀመሪያው በፍሎት ከያዙት ይህ አይደርስም።

6. ድምሮቹን መጨመር

በዚሁ ዑደት መጨረሻ ላይ ሦስት ኢንክሪመንት ቫሪያብል አክሽኖችን አስገብተው የተጠጋጉትን ግብር፣ ጡረታና የተጣራ ክፍያ በየድምራቸው ላይ ይጨምሩ። አፔንድ ቱ አሬይ ቫሪያብል ደግሞ የሠራተኛውን ስምና ቁጥሮች በአንድ ኦብጀክት ወደ ማጠቃለያው ዝርዝር ያክላል። ዑደቱ ሲያበቃ ዝርዝሩ በክሪኤት ኤችቲኤምኤል ቴብል ወደ ሠንጠረዥ ተለውጦ ለፋይናንስ ኃላፊው በኢሜይል ይላካል።

ብዙዎች ከኢንክሪመንት ይልቅ ሴት ቫሪያብልን ተጠቅመው «ድምር እኩል ይሆናል ድምር ሲደመር ግብር» ለማለት ይሞክራሉ። ፖወር አውቶሜት ይህን አይቀበልም፤ ተለዋዋጭ ራሱን እየጠቀሰ እሴቱን ሊለውጥ እንደማይችል የሚገልጽ ስህተት ያሳያል። ለመደመር ኢንክሪመንት፣ ለመቀነስ ዲክሪመንት አለ። ማባዛት የመሰለ ሌላ ስሌት ካስፈለገ ግን አዲሱ እሴት መጀመሪያ በኮምፖዝ ይሰላል፣ ከዚያ ሴት ቫሪያብል የኮምፖዙን ውጤት ይወስዳል።

ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ማስታወሻ የሚያጠራቅም የስትሪንግ ተለዋዋጭ ከጨመሩ ደግሞ በዑደቱ መጀመሪያ ላይ በሴት ቫሪያብል ባዶ ያድርጉት። ተለዋዋጭ ከዙር ወደ ዙር እሴቱን ይዞ ስለሚሻገር የመጀመሪያው ሠራተኛ ማስታወሻ በሁለተኛው ላይ፣ የሁለቱም በሦስተኛው ላይ ይደረባል።

ፍሎው ዘገየ ብሎ የዑደቱን የኮንከረንሲ ቅንብር ማብራት የሚፈትን ነገር ነው። በነባሪው አፕላይ ቱ ኢች ረድፎቹን በተራ ያስኬዳል፤ ኮንከረንሲ ሲበራ ግን እስከ 50 ዙር በአንድ ጊዜ ሊሄድ ይችላል። ግብሩን በተለዋዋጭ የያዘ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፦ የአንዱ ዙር ሴት ቫሪያብል ግብሩን ከጻፈ በኋላ፣ ያው ዙር ኢሜይሉን ከመላኩ በፊት፣ ሌላው ዙር በላዩ ላይ ይጽፍበታል። ስሌቱ በኮምፖዝ ከተያዘ ፔይስሊፖቹ አይደበላለቁም። ሆኖም ይህ ፍሎው ድምር የሚያጠራቅም ስለሆነ ኮንከረንሲውን እንደጠፋ መተው ይሻላል፤ ለወር ደመወዝ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ አይከብድም።

በሌሎች መሣሪያዎች ነገሩ ትንሽ ይለያል። ሥራን በራሱ በሚያስኬደው ሌላ መሣሪያ በኤን ኤይት ኤን ለምሳሌ ኤዲት ፊልድስ የሚባለው ኖድ (እርምጃ) እያንዳንዱን ረድፍ ያለ ዑደት ያሰላል፤ ኤክስፕሬሽኑም ጃቫስክሪፕት ስለሆነ 15ን ለ100 ሲያካፍል 0.15 ይሰጣል። አንዱን የለመደ ሰው ወደ ሌላው ሲሻገር መጀመሪያ ሊሞክረው የሚገባው ማካፈልን ነው።

7. ሙከራ

ለእውነተኛ ሠራተኞች ከመላክዎ በፊት የሙከራ ሠንጠረዥ አዘጋጅተው የኢሜይሉን ዓምድ በራስዎ አድራሻ ይሙሉ። ደመወዞቹ ወሰኖቹን የሚነኩ ይሁኑ፦ 2,000፣ 4,000፣ 7,000፣ 10,000፣ 14,000። ግብራቸው በቅደም ተከተል 0፣ 300፣ 900፣ 1,650 እና 2,850 ብር መሆን አለበት። ለድምሮቹ ደግሞ የ10,000፣ የ12,500 እና የ20,000 ብር ደመወዝ ያላቸውን ሦስት ረድፎች ለብቻቸው ያስኪዱ፤ የግብር ድምሩ 9,000፣ የጡረታው 2,975፣ የተጣራው ክፍያ 30,525 ብር ይመጣል። ሦስቱ ድምሮች ሲደመሩ ጠቅላላውን 42,500 ብር ስለሚሰጡ ይህንኑ ማመሳከሪያ በፍሎው መጨረሻ በኮንዲሽን ማስገባት ይቻላል። በሳንቲም ክፍልፋይ የሚፈጠር ኢምንት ልዩነት እንዳያስቆመው ሁለቱን ወገኖች አስቀድመው ያጠጋጉ፤ ድምሮቹ ካልገጠሙ የማጠቃለያው ኢሜይል አይላክ።

ቁጥሩ ካልተስማማ የፍሎውን የሥራ ታሪክ ይክፈቱና ዑደቱን በየዙሩ ይመልከቱ። እያንዳንዱ ኮምፖዝ የተቀበለውንና የሰጠውን እሴት ስለሚያሳይ ስህተቱ ከደመወዙ፣ ከእርከኑ ወይስ ከማባዛቱ እንደመጣ ይታያል። ሁሉንም በአንድ ረዥም ኤክስፕሬሽን የጻፈ ሰው ይህን ዕድል አያገኝም፤ በአክሽን ቁጥር ያተረፈውን በፍለጋ ይከፍለዋል።

ይህ ታሪክ ለ28 ቀን ይቆያል፤ የፍሎው ባለቤት የሆነ ሁሉ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ደመወዝ በውስጡ ማንበብ ይችላል። ሙከራው እንዳለቀ ሊስት ሮውስንና ደመወዝ የሚነኩትን አክሽኖች ቅንብር ከፍተው ሴኪዩር ኢንፑትስና ሴኪዩር አውትፑትስ የሚሉትን ያብሩ። ከበሩ በኋላ እሴቶቹ ለእርስዎም ስለሚደበቁ በሙከራው ጊዜ ሳይሆን ፍሎው ለእውነተኛው ወር ከመነሳቱ አስቀድሞ ያድርጉት።